ለባልደረባዬ ያዋጣነው ብር መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል፤ ምን ላድርገው?

መስኮት_አራት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ግን ቢሮ ውስጥ የማማክረው ሰው የለኝም፤ ሁሉም የነገሩ ተካፋይ ነው።

ካሸር ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ መካከለኛ ቅርንጫፍ። የትኛው ባንክ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከጎኔ ባለው መስኮት የምትሠራ ልጅ አለች። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ናት ማለት ግን አልችልም። ሰላም እንባባላለን፣ ቡና ላይ እንገናኛለን፣ በቃ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሂሳቧን ስትዘጋ 10,000 ብር ጎደለባት። ካሸር የሆነ ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ምን እንደተፈጠረ ይገባዋል። ባለ መቶ እስር ልትሰጥ ባለ ሁለት መቶ እስር ሰጥታለች። መቶ ቅጠል በመቶ 10,000፣ መቶ ቅጠል በሁለት መቶ 20,000። ለደንበኛው ተደወለለት። «የወሰድኩት ልክ ነው» ብሎ ዘጋው። ጉድለት ደግሞ የካሸሩ ዕዳ ነው። እናቷ ታመውባት እንደምታሳክም፣ ኪራይም እንደጨመሩባት ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ በእምነቴ ጴንጤ ነኝ፤ እሷ ኦርቶዶክስ ናት። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስለ ደጉ ሳምራዊ ተሰብኮ ነበር። እሑድ የሰማሁትን ሰኞ ልኑረው አልኩ። አንድ ወረቀት አወጣሁ። ከላይ ስሟን ጻፍኩ፣ ከሥሩ «የ10,000 ብር ጉድለት ማገዣ» ብዬ ጻፍኩና ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። ከ21 ሰው 6,300 ብር ተሰበሰበ። 1,500ው የእኔ ነው። ፖስታ ውስጥ አስገባሁት። ፖስታው ላይ ገላትያ 6፡2ን፣ ያንን ሸክም ስለመሸካከም የሚለውን፣ በሚያምር ጽሑፍ ጻፍኩበት። ቡና ሰዓት ላይ ሁሉም ባሉበት ሰጠኋት። ተጨበጨበ።

ፊቷ ልውጥ አለ። ምንም ሳትናገር ወጣች። ማታ ልንወጣ ስንል ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ማን ለምኚልኝ አለሽ?» አለችኝ። ይኸው ዘጠኝ ቀን ሆነን፣ ሰላምታ እንኳ የለም።

ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ብሩንስ ምን ላድርገው?

---

የጉለሌው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

ወርቅ ላበደረ ጠጠር። ብሩን ለየባለቤቱ መልሺና እርሺያት። የዘንድሮ ሰው ደግ አይወድም።

---

ሂሳብ_ሹም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

እህቴ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲጨበጨብ ፊቷን አየሽው ወይስ የሚያጨበጭቡትን ነበር የምታዪው?

አሥራ አንድ ዓመት ሂሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። የመዋጮ ወረቀት ስንት ጊዜ በእጄ አልፏል መሰለሽ። ለለቅሶ እናዋጣለን፣ ለወሊድ እናዋጣለን፣ ለሠርግ እናዋጣለን። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ለምን? አባቱ የሞተበት ሰው ጥፋት የለበትም። ጉድለት ግን ሌላ ነገር ነው። ለእኛ ዓይነት ሠራተኛ ጉድለት ማለት የሙያ ሐፍረት ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ብሩ ብቻ አይደለም፤ «መቁጠር አትችልም» መባሉ ነው። አንቺ ያንን ከስሟ ጋር በወረቀት ጽፈሽ 21 ጠረጴዛ አዞርሽው። ከቅርንጫፉ ግማሹ ነገሩን የሰማው ከአንቺ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። እዚያ ወረቀት ላይ ማን ስንት እንደሰጠ ይታያል። ሥራ አስኪያጁ 1,000 ከጻፈ በኋላ 50 ብር የሚጽፍ ጥበቃ ምን ይሰማዋል? እሷስ ከእንግዲህ እያንዳንዱን ሰው ስታይ ቁጥር ነው የሚታያት።

ልብሽ ንጹሕ እንደሆነ ይገባኛል። መንገዱን ነው የምልሽ።

---

መስኮት_አራት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

እውነት ለመናገር የሚያጨበጭቡትን ነበር የማየው።

የጽዳት ሠራተኛችን 100 ብር ሰጥታለች። ደመወዟን ስለማውቅ ያኔ እንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን ሳስበው እምቢ የምትልበት መንገድ አልሰጠኋትም። ሁሉም እያያት ነበር።

---

ፍሬ_ሃይማኖት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ማንም ያልነካውን ልንካው፤ ፖስታው ላይ ያለውን ጥቅስ።

ጥቅሱ ጥሩ ነው። የእኛም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ግን ከሌላ ቤተ እምነት እጅ፣ በችግሬ ቀን፣ ብር ያለበት ፖስታ ላይ ተጽፎ ሲመጣ ሌላ ይመስላል። «በብር ሊገዙኝ ነው» ይመስላል። አንቺ እንደዚያ አላሰብሽም ይሆናል። እሷ ግን በዚህ አገር ነው ያደገችው። ስንቱን ሰምታለች። ምናልባት ማታ ለእናቷ ስትነግር እናትየው «ልጄ፣ ተጠንቀቂ» ብለዋት ይሆናል።

ደግነት መንጠቆ ያለው ሲመስል ዓሣው ይሸሻል። በዚህ እኛም የምንታማበት አለን። የራሳችን ሰው ሲቸገር ማኅበሩ ይሯሯጣል፤ የሌላው ሲሆን «የራሳቸው ሰዎች ይዩት» እንላለን።

---

የጉለሌው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

[ይህ መልእክት በአወያይ ተነሥቷል]

---

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

የጉለሌው፣ የማን እምነት ይበልጣል የሚለው ክርክር የራሱ ክፍል አለው። እዚህ ስለ ልጅቷና ስለ ፖስታው እናውራ። ሌሎቻችሁም የመሥሪያ ቤት ስም አትጥቀሱ።

---

ዝም_ያለ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከርእሱ ትንሽ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ።

እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ አለቃዬ ነው የሚመጣብኝ። ዓቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ ጭራሽ አይነገርም። ጠረጴዛው ላይ ሥዕለ አድኅኖ አለ። ግን ከቀኑ 11፡00 ላይ ስብሰባ ይጠራል። ሁላችንም ቦርሳችንን ይዘን ቆመን! ልጇን ከትምህርት ቤት የምታወጣ ሴት አለች፣ ታክሲ ሰልፍ የሚቆም አለ። ኢሳይያስ 58ን ያንብብ ማለት አምሮኝ ያውቃል። እዚያ ምዕራፍ ላይ ሰዎቹ ጾመን ለምን አላየኸንም ብለው ይከሳሉ። መልሱ ምንድን ነው? በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ ነው የሚለው። ቃል በቃል ሠራተኛ ይላል እኮ። ስለ ቢሮ የተጻፈ ይመስላል።

የልጅቷን ነገር በተመለከተ ሂሳብ ሹም ያለችው ልክ ነው።

---

ሂሳብ_ሹም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡41

ዝም ያለ፣ አለቃህ እዚህ እንደማያነብ እርግጠኛ ነህ? 😄

---

ጡረተኛው_መምህር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። በስልክ ስለምጽፍ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ስለ ሳምራዊው ሰምታ ነው የተነሣችው። ጥሩ ነው። እኔ ግን ለሥራ ቦታ ከሳምራዊው ይልቅ ቦዔዝ ይቀርባል እላለሁ። ሳምራዊው ያገኘው ሰው መንገድ ላይ የወደቀ ነው። ነገ አያገኘውም። የሥራ ባልደረባ ግን ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ዛሬ ያዋረድከው ሰው ነገ ጠዋት 2፡00 ላይ አጠገብህ ይቀመጣል።

መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2ን ክፈቱ። የገብስ አጨዳ ነው። ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ መጀመሪያ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ይላቸዋል። እነሱም ይመርቁታል። (በእናንተ መሥሪያ ቤት አለቃ ገብቶ ሰላም ይላል? በእኔ ዘመን ርእሰ መምህሩ ጉሮሮውን ነበር የሚጠርገው።) ሩት ሞአባዊት ናት፤ ባዕድ፣ መበለት። ከአጫጆች ኋላ የወደቀ ትቃርማለች። ቃርሚያ ለድኻና ለመጻተኛ በሕግ የተፈቀደ ነው። ቦዔዝ ሀብታም ነው። አንድ ጆንያ ገብስ አሸክሞ «ሂጂ» ሊላት ይችል ነበር። አጫጆቹም ያጨበጭቡለት ነበር።

ምን አደረገ? ጎበዞቹን ለብቻ ጠርቶ አዘዛቸው። ከነዶው እየመዘዛችሁ ሆን ብላችሁ ጣሉላት፤ እሷም ትቃርም፤ አትገሥጿት አላቸው። ነገሩን አስተውሉ። እህሉን የሰጣት እሱ ነው። እሷ ግን ያገኘችው በገዛ እጇ ቃርማ ነው። ማታ ወቅታ ስትሰፍረው አንድ ኢፍ (የጥንት የእህል መስፈሪያ ነው) ያህል ሆነ። ወደ አማቷ የተመለሰችው እንደ ለማኝ ሳይሆን ሠርታ እንደገባች ሴት ነው። ማን እንደጣለላት አወቀች ወይስ አላወቀችም? መጽሐፉ አይነግረንም። እኔ ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ።

አርባ ዓመት ሳስተምር ያየሁት ይኸው ነው። ሰው እንጀራ ያጣ ቀን ይረሳል። የተዋረደበትን ቀን አይረሳም።

---

ፍሬ_ሃይማኖት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡48

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ግን ማቴዎስ 5፡16 ደግሞ መልካም ሥራችሁን አይተው አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ ይብራ ይላል። ታዲያ ተደብቆ እንዴት ይታያል?

---

ጡረተኛው_መምህር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይኸው ወንጌል ገጹን ገልበጥ ስታደርገው፣ ምዕራፍ 6 ላይ፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ሁለቱም የአንድ ስብከት ቃል ናቸው፤ በተራራው ላይ የተነገሩ። እኔ እንደገባኝ ብርሃኑ የሚታየው ሠርተህ ሳትናገር ስትቀር ነው። ኩራዝ «እዩኝ» አይልም። መንገድህን ነው የምታየው። ደግሞ የሚከብረው አባታችሁ ነው የተባለው፤ ፖስታ የሰጠችው አይደለችም። ልጄ፣ ይቅር በዪኝ።

---

መስኮት_አራት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ምንም አይደለም ጋሼ። ልክ ነዎት።

---

የማታ_ዱቲ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

አሰላሙ ዐለይኩም። ሙስሊም ነኝ፤ ክርስቲያኖች ስለራሳችሁ ስታወሩ ጣልቃ ገባሁ። ነርስ ነኝ፣ የማታ ዱቲ የሚበዛብኝ።

አንድ ባልደረባ አለችኝ። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አንድም ቀን ስለ ሃይማኖት አውርታኝ አታውቅም። የመጀመሪያው ረመዳን ላይ አብረን ስንሠራ «የምታፈጥሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ዋርዱን ትይዝልኛለች። የመድኃኒት ዙሩን ራሷ ቀድማ ትጨርሳለች። እኔ እንድጠይቃት አትጠብቅም፣ «ሂጂ» ብላም አትጣራም። ታካሚ ፊት ሞገስ ልታገኝበት አትሞክርም። ዞር ስል ቻርቱን ይዛ ቆማለች፣ አለቀ። መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት ፍሬ ቴምር አገኛለሁ። እሷ እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። አንናገረውም።

እኔ ደግሞ የፋሲካን ሌሊት ዱቲ እገባለሁ። ሄዳ ታስቀድሳለች። ይህንንም ተነጋግረን አናውቅም። ፕሮግራሙ ሲወጣ ስሜን ራሴ አስገባለሁ።

ይህች ሴት ስለ እምነቷ አንድ ቃል ሳትናገር ክርስቲያን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ብትጠይቁኝ እሷን ነው የምጠቁማችሁ።

---

የጉለሌው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡22

ይቺስ ደስ ትላለች። ትናንት ለጻፍኩት ይቅርታ፤ ተናድጄ ነበር።

---

ስደተኛዋ_77 | ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 8፡10

ሥራ ስጨርስ ነው የማነበው፣ ሰዓቱን አትዩብኝ።

ሪያድ የገባሁበት የመጀመሪያ ወር ነው፣ ምንም አላውቅም። ካውያውን አጋልኩና የማዳምን ዓባያ አቃጠልኩት። እጅጌው ላይ ቀዳዳ። እግሬ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ቤት ከእኔ በፊት ስድስት ዓመት የሠራች ኢትዮጵያዊት ነበረች። ክርስቲያን ናት፣ መስቀሏን ልብሷ ውስጥ ደብቃ ነው የምትይዘው፤ ጸሎቷም በሹክሹክታ ነው። ማዳም ስትገባ «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለች። ከደመወዟ ቆረጡባት። እኔን ያኔ አባርረውኝ ቢሆን አገር ቤት የእናቴ ዕዳ ሳይከፈል ይቀር ነበር።

በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ካውያ አያያዝ አስተማረችኝ። ሐር ሲሆን እንዲህ፣ ጥጥ ሲሆን እንዲህ። እስከዛሬ አንድ ልብስ አላቃጠልኩም።

---

ዝም_ያለ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡00

እህታችን ታሪክሽ ልብ ይነካል። ግን እንደ ክርስቲያን ልጠይቅ፤ ውሸት ነው አይደል የተናገረችው? ነገ ባንክ ውስጥ አንዷ ላልመጣች ጓደኛዋ ብትፈርምላት ደግነት ልንለው ነው?

---

ሂሳብ_ሹም | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡25

ፊርማና ዓባያ አንድ አይደለም። ለቀረ ሰው የምትፈርም ሴት ዕዳውን ለሌላው ነው የምታሸክመው፤ የጎደለውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው አለ። እሷ ግን ከራሷ ኪስ ከፈለች። ውሸቱን አላጸድቅም። እኔ ግን በእሷ ቦታ ሆኜ በሌላ ሰው ቤት፣ ሄጄ አቤት የምልበት በሌለበት አገር ምን እንደምል አላውቅም። ስለዚህ አልፈርድም።

አሁን ወደ መስኮት አራት ጥያቄ ልመለስ፤ አንድ ጠቃሚ ነገር ሳንናገር ይኸው ሦስተኛ ቀን ሆነን። ልጅቷ ጉድለቱን እንዴት ነው የምትከፍለው? ባንዴ ሊቆርጡባት ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ላይ፣ በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። ብዙ ካሸሮች ይህን አያውቁም። ደንግጠው ከዘመድ ተበድረው ባንዴ ይከፍላሉ። ለእሷ ሊጠቅማት የሚችለው ምናልባት 6,300 ብር ሳይሆን ይህቺ አንዲት መስመር ናት። ግን በጆሮዋ፣ ለብቻዋ። ወረቀት ይዘሽ አትዙሪ! 😄

---

መስኮት_አራት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ሳቅኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አላውቅም ነበር። እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እስቲ ዛሬ የምችለውን ላድርግ።

---

መስኮት_አራት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ምን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ቃል ባልገባም፣ ያነበባችሁት ሰዎች አላችሁና።

ዓርብ ብሩን ለየባለቤቱ መለስኩ። አንድ በአንድ፣ ለብቻ ለብቻ፣ «ሳላስብ ነው የሰበሰብኩት፣ ይቅርታ» እያልኩ። ለጽዳት ሠራተኛችን ስሰጣት እጄን ይዛ «እኔም ስሰጥሽ ፈርቼ ነበር» አለችኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ፖስታውን እዚያው ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ነበር። ጥቅሱን አይቼ አልቻልኩም፤ ቤት ወስጄ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስገባሁት።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነበርን። ሁሉም ሲወጣ ጠበቅኳት። ሂሳብ ሹም፣ ስለ አዋጁ መጀመሪያ ልነግራት አስቤ ነበር። ግን አፌን ስከፍት የመጣው «በድዬሻለሁ» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ «ግን» ልል ነበር፤ ዋጥኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «ብሩ አይደለም ያናደደኝ። ስሜን ነው ያዞርሽው» አለች። ሌላም አለች። እናቷ ስለ ፖስታው ሰምተው «ምን ተጽፎበት ነበር?» ብለው ጠይቀዋት፣ ነግራቸው፣ አብረው አልቅሰዋል። ፍሬ ሃይማኖት፣ እናትየው «ተጠንቀቂ» አላሏትም። «ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ገና ልጅ ናት» ነው ያሏት። 31 ዓመቴ ነው።

ከዚያ በኋላ አዋጁን ነገርኳት። ዛሬ ጠዋት ብቻዋን ገብታ ሥራ አስኪያጁን አነጋገረች። ልከተላት ብዬ ነበር፤ «አትምጪ» አለችኝ። ለአራት ወር ተከፋፍሎላታል፣ በወር 2,500።

---

ሂሳብ_ሹም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

እልል! ብቻዋን መግባቷ ደግሞ ደስ አለኝ።

---

ስደተኛዋ_77 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

እናትየውን ሳሚልኝ።

---

ጡረተኛው_መምህር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ልጄ፣ ታዲያ አሁን ትነጋገራላችሁ?

---

መስኮት_አራት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ፣ ብዙም አይደለም። ሰላም እንባባላለን። ዛሬ ሂሳብ ስንዘጋ ግን ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ሁለት እስር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ቁጠሪልኝ፣ ዓይኔ ደክሞታል» አለች። ማሽኑ አጠገቧ ነው እኮ፣ ደግሞ በደንብ ይሠራል። በእጄ ቆጠርኩላት። የሁለቱም ልክ ነበር። የእኔንም ሰጠኋት፣ እሷም ቆጠረችልኝ።